ፎርድ፣ ጥቁር ቀለምና እኔ ለተማሪዎቼ ያለብኝ ዕዳ

ባለፈው ሳምንት አሜሪካ የሚኖር የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። ሰላምታው እንዳለቀ «ቲቸር፣ ያቺን የፎርድ ቀልድ ለልጄ ነገርኳት፣ በሳቅ ሞተች» አለኝ። እኔም ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን ደስ አላለኝም። ምክንያቱም ቀልዷ ግማሽ ውሸት ናት፤ ለልጁ ያወረሳትም እኔ ነኝ።

ክፍሌ የተቀመጣችሁ ሁሉ ታስታውሷታላችሁ። ሄንሪ ፎርድ ለሞዴል ቲ ገዢዎች ከጥቁር በቀር ሌላ ቀለም የለኝም ብሏል እያልኩ፣ የጅምላ ምርትን ትምህርት ሁልጊዜ በእሷ ነበር የምጀምረው። ሃያ ዓመት ገደማ እንደዚያ አስተማርኩ። እንግዲህ ዛሬ ዕዳዬን ልክፈል። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ያረመኝ ምሁር አይደለም፣ የማስታወቂያ ወረቀት ነው። የድሮ የመኪና መሸጫ መጽሔቶችና የጥንት ሞተር መጻሕፍት እንደምሰበስብ ታውቃላችሁ። ብዙዎቹ በኋላ ዘመን የታተሙ ቅጂዎች ናቸው፤ ኦሪጅናሉን የመግዛት አቅሙ የለኝም። አንዱን ቅጂ ከእናንተው አንዱ ከውጭ ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ፤ የፎርድ የ1909 ካታሎግ ነው። ቁጭ ብዬ ሳነብ ግራ ገባኝ። በዚያ ዘመን የሚሸጠው ሞዴል ቲ ቀይ፣ ግራጫና አረንጓዴ ነው። ጥቁር የታለ? የለም።

መጀመሪያ ካታሎጉን ነው የተጠራጠርኩት። ሰው የለመደውን ነገር ቶሎ አይጥልም። ከዚያ ሌሎች መጻሕፍት ሳገላብጥ ነገሩ ጠራ። ሞዴል ቲ ከ1908 እስከ 1927 ተመርቷል፣ ከ15 ሚሊዮን በላይ። ጥቁር ብቻ የነበረው ከ1914 እስከ 1925 ነው። ከዚያ በፊት ሌላ ቀለም ነበረው፣ በ1926ም ቀለም ተመልሷል። የሚገርመው ግን ቀልዷን ያስፋፋት ፎርድ ራሱ መሆኑ ነው። በ1922 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ነገሩን በ1909 እንደተናገረ አድርጎ ጻፈው። በዚያው በ1909 ግን የራሱ ፋብሪካ ቀይ መኪና ይሸጥ ነበር! ሰውየው ዋሸ ለማለት አልደፍርም። ጥቁር በነገሠበት ዘመን ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ሲያይ፣ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ጥቁር የነበረ መስሎት ይሆናል። ሁላችንም እንዲህ ነን። ወረቀት ግን የዕለቱን ቃል ይዞ ይቀራል እንጂ እንደ እኛ ትዝታውን አያሻሽልም።

ይኼ ማለት ካታሎግ አይዋሽም ማለት አይደለም። ካታሎግ ነጋዴ ነው፣ ሲዋሽም ያምርበታል። በካታሎግ ሥዕል ላይ መንገዱ ሁሉ ለጥ ያለ ነው፣ ጭቃ የለም፣ ጎማ የሚቀይር ሰው አይታይም፤ ሴትዮዋ ባርኔጣዋ ሳይነቃነቅ ትስቃለች። ስለዚህ ከካታሎግ ጎን ሌላ ወረቀት ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ እሱም ከመኪናው ጋር ለባለቤቱ የሚሰጠው መመሪያ ነው። ካታሎግ ገንዘብህን እስክትሰጥ ድረስ ያወድሳል፣ መመሪያው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ይናዘዛል።

የፎርድ መመሪያ የተጻፈው በጥያቄና መልስ ነው። ልክ የቄስ ትምህርት ቤት ይመስላል። መኪናውን ከማስነሳትህ በፊት ምን ታደርጋለህ? መልስ። ሞተሩ ቢግል ምክንያቱ ምንድነው? መልስ። እያንዳንዱ ጥያቄ ታዲያ የአንድ ሰው መከራ ነው። ለምሳሌ ሞተሩን በእጅ ስለማስነሳት የሚለውን እዩ። በዚያን ጊዜ ሞተሪኖ የለም፤ ፊት ለፊት ቆመህ ማኖቬላውን በእጅህ ታዞራለህ። መመሪያው ከመሪው ሥር ያለውን የእሳት ማዘግያ ማንሻ መጀመሪያ አስተካክል ይላል፤ ከዚያም እጀታውን ወደ ላይ ሳበው እንጂ ወደ ታች እየገፋህ አታዙር። ለምን? እሳቱ ቀድሞ ከተነሣ ፒስተኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እጀታውም አብሮ ይመለስና ክንድህን ይሰብረዋል። በዚህ ክንዱ የተሰበረ ሰው ብዙ ነው። ካዲላክ በ1912 ሞዴሉ የኤሌክትሪክ ማስነሻ ሲያወጣ ዓለም ያጨበጨበው ለምቾቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ለአጥንቱም ነው። ሞዴል ቲ ላይ ሞተሪኖ መምጣት የጀመረው በ1919 ነው።

ሌላም አለ። የነዳጅ መለኪያ አልነበረውም፤ ወንበሩን አንስተህ ሳልባታዮው ውስጥ እንጨት ትነክራለህ። ፖምፓ ስለሌለው ቤንዚኑ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። ስለዚህ ቤንዚን ሲያንስና ዳገቱ ሲበረታ ሞተሩ ይጠፋል። ባለቤቶቹ ምን ያደርጉ ነበር? መኪናውን ያዞሩና ዳገቱን በኋላ ማርሽ ይወጡታል! ይኼን ከካታሎጉ ሥዕል አታገኙትም።

ለማንኛውም፣ ቀን ያልተጻፈበት ካታሎግ ሲያጋጥማችሁ ዘመኑን እንዴት እንደምለይ ልንገራችሁ፣ ደስ የሚል ጨዋታ ነው። መጀመሪያ ራዲያተሩን አያለሁ። ሞዴል ቲ ከሆነና ራዲያተሩ የሚያብለጨልጭ ነሐስ ከሆነ እስከ 1916 ሞዴል ድረስ ነው። ከዚያ የፊት መብራቱ፤ በጋዝ የሚበራ ከሆነ ከ1915 ሞዴል በፊት፣ ኤሌክትሪክ ከሆነ ከዚያ ወዲህ ነው። ቀጥሎ ዋጋው። በ1908 ሲወጣ የቤተሰቡ መኪና 850 ዶላር ነበር፣ በ1925 ባለ ሁለት መቀመጫው 260 ዶላር ደርሷል። የዋጋው መውረድ ብቻውን አንድ ሙሉ የታሪክ ትምህርት ነው።

ይህ ሁሉ የሽማግሌ ጊዜ ማሳለፊያ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። ልጆቼም ይሉኛል። እሺ፣ አንድ ማንም ያላነበባት ወረቀት የፈረደችውን ፍርድ ልንገራችሁ።

ባለ አራት ምት ሞተር ስናስተምር ምን እንል ነበር? ኦቶ ሳይክል። መሳብ፣ ማመቅ፣ ማቃጠል፣ ማስወጣት። ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 ጀርመን ውስጥ ሠርቶ አሳየ፣ የፈጠራ መብትም አገኘ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ያንን ዓይነት ሞተር ልሥራ ቢል ኦቶ ዘንድ መሄድ ግድ ነው። ተወዳዳሪዎቹ መብቱን የሚያፈርስ ነገር ሲያስሱ አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1862 ያሳተማትን ትንሽ ጽሑፍ አገኙ። ስሙ አልፎንስ ቦ ደ ሮሻ ይባላል። አራቱ ምቶች በተራ በተራ እዚያ ላይ ተጽፈዋል! ሰውየው ሞተሩን አልሠራውም። የፈጠራ መብቱንም ክፍያውን ሳይከፍል ቀርቶ ወድቆበታል። ጽሑፉን የሚያስታውሰው አልነበረም። ነገር ግን በ1886 የጀርመን ፍርድ ቤት የኦቶን መብት ሻረ፤ ሐሳቡ ቀድሞ ታትሟልና።

ኦቶ ያቺን ጽሑፍ አይቶ ሰረቀ ማለቴ አይደለም። ራሱ ደክሞ የደረሰበት ነው፤ ሠርቶ ያስነሳውም እሱ ነው፣ ክብሩ አይነካም። ዘመኑን ግን ልብ በሉ፤ በዚያው በ1886 ጥር ካርል ቤንዝ ለባለ ሦስት እግር መኪናው የፈጠራ መብት ጠየቀ። ሞተሩ ባለ አራት ምት ነበር። የመኪና ኢንዱስትሪ ገና በሚወለድበት ሰዓት በሩ ለሁሉም የተከፈተው ሃያ አራት ዓመት አቧራ በለበሰች ወረቀት ነው። ያቺን ወረቀት ይዞ የቆየው ሰው «ይኼ ምን ይሠራል» ብሎ ምድጃ ውስጥ ቢከታት ኖሮስ?

ወደ እኛ ቤት ልምጣ። አፄ ምኒልክ መጀመሪያ ያዩት መኪና በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ነው። ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለችውን መኪና ከባሕር ዳርቻ አንስቶ፣ መንገድ በሌለበት አገር እየነዳም እያስጎተተም ቤተ መንግሥት አደረሳት። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጀርመናዊ ሌላ መኪና ይዞ መጣ። ስለ ቤንትሊ ጉዞ ክሊፎርድ ሃሌ የተባለ ጸሐፊ በ1913 ለንደን ውስጥ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። እኛም ዛሬ ዝርዝሩን የምናወራው ወረቀቱን ስላቆዩልን ነው። ግን አስቡት፣ መኪናዋን በገመድ የጎተቱት፣ ድንጋይ ያነሱላት፣ ወንዝ ያሻገሯት ሰዎች የእኛ ሰዎች ናቸው። የእነሱን ወረቀት ማን አቆየው?

አሁን እንቅልፍ ወደሚነሳኝ ነገር ደረስኩ።

ሰፈሬ ውስጥ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። ሥራውን በልጅነታቸው ከጣሊያኖች ጋራዥ ነው የቀሰሙት። ጣሊያንኛ መጻፍ አይችሉም፣ ሲያነቡም እየተንተባተቡ ነው፤ ሞተር ግን በጆሯቸው ያነባሉ። የጥገና መጻሕፍት የሞላበት የእንጨት ሣጥን ነበራቸው። አንድ ቀን የፊያት 1100 መመሪያ አሳዩኝ። ሥዕሎቹ አጠገብ፣ ኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ በፊደላችን ጽፈዋል። ካንዴላ። ፍሪሲዮን። ባሌስትራ። ማርሚታ። ኩሽኔታ። ከአንዳንዱ ሥር ደግሞ ማብራሪያ አለ፤ የቱ ቶሎ እንደሚያልቅ፣ የቱን ሲፈቱ ምን መጠንቀቅ እንደሚገባ።

እነዚህ ቃላት ዛሬ አማርኛ ሆነዋል። የማንኛውም ጋራዥ ልጅ ይላቸዋል፣ ከየት እንደመጡ ግን አይጠይቅም። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ነው። ባሌስትራ የጥንት የቀስት መሣሪያ ነው፣ ተጣጥፎ መለጠጡን አይተው ነው ስሙን የሰጡት። ማርሚታ ድስት ነው! ጭስ ማውጫውን ድስት አሉት፣ እኛም ተቀበልን። በዚያች ኅዳግ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ የባዕድ ቃል በጆሮው ሰምቶ፣ ከሥዕሉ ጋር አገናኝቶ፣ በራሱ ፊደል ሲያስቀምጥ ታዩታላችሁ። ለእኔ ከፎርድ ካታሎግ ይልቅ ያቺ ገጽ ትበልጥብኛለች። ፎርድን የሚጽፍለት ሞልቷል።

ጋሼ አረፉ። ከአርባቸው በኋላ ባለቤታቸው እትዬ «ልጄ፣ ያን የመጽሐፍ ሣጥን መጥተህ እየው፣ ቤቱን ልናድስ ነው» አሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እመጣለሁ አልኩ። በዚያ ቅዳሜ ፈተና ሳርም ዋልኩ። በተከታዩም ሌላ ጉዳይ ገጠመኝ። በሦስተኛው ሄድኩ። ሣጥኑ ባዶ ነው። ቆራሌው በኪሎ ወስዶታል። እትዬ ምን ያድርጉ፣ ጠብቀውኛል። «ትመጣለህ ብዬ ሁለት ሳምንት አቆየሁት እኮ» ሲሉኝ መግቢያ አጣሁ።

መርካቶ ወርጄ ፈለግኩ፣ ወረቀት ገዢዎቹን ጠየቅኩ። ማን ያገኘዋል! ስኳርና ቆሎ ተጠቅልሎበት አልቋል። የተረፈው መሳቢያ ሥር ተነጥፎ የነበረ አንድ ቅጠል ብቻ ነው። የካርቡራተር ሥዕል አለበት፣ ዳሩ ላይ በጋሼ እጅ አንድ መስመር። ግማሹ በዘይት ተበልቷል፣ የሚነበበው «ቀስ ብለህ» የሚለው ብቻ ነው። መስታወት አስገብቼ ጠረጴዛዬ ላይ አኑሬዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ ምንድነው ይለኛል። እኔ የዘገየሁበት ነው እላለሁ።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ በተለይ እናንተ ተማሪዎቼ፣ የምጠይቃችሁ ይኼን ነው። አባታችሁ ወይም አያታችሁ ሾፌር፣ መካኒክ፣ ጎሚስታ፣ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ከነበሩ ሣጥኑን ክፈቱ። የድሮ መመሪያ፣ ካታሎግ፣ የጋራዥ ደረሰኝ፣ የመለዋወጫ ዝርዝር፣ በእጅ የተጻፈ ደብተር፣ ምንም ይሁን አትጣሉ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉት፣ እያደር ያቃጥለዋል። ከእርጥበት አርቁት። ማስቀመጥ ካልቻላችሁ ቢያንስ በስልካችሁ ገጽ በገጽ አንሱት፣ የማን እንደነበረና የት እንደሠራ አብራችሁ ጻፉ። ኅዳጉን አትቁረጡት፤ ዋናው ያለው እዚያ ነው።

አንተም ልጄ፣ ባለፈው ሳምንት የደወልክልኝ፣ ይኼን ስታነብ ለልጅህ ንገራት፤ የመጀመሪያዎቹ ሞዴል ቲዎች ጥቁር አልነበሩም። ማን አለ ብትልህ ቲቸር ራሱ ተሳስቶ ነበር በላት። ቀልዷን ግን አትተዋት፣ ከ1914 ወዲህ ላለው ትሠራለች።

መልካም ሰንበት።