ማግባባት፣ ማሳመን፣ ማስገደድ

አማርኛችን የሰውን ሐሳብ ስለ መለወጥ ሲናገር ቃል አይቸግረውም፤ ያባብላል፣ ያግባባል፣ ያሳምናል፣ ያስገድዳል። «ማግባባት» ከ«መግባባት»፣ «ማሳመን» ከ«ማመን» ይወለዳሉ። የመጀመሪያው ስምምነትን፣ ሁለተኛው እምነትን ይሻል። «ማስገደድ» ግን ሁለቱንም አይጠይቅም፤ መታዘዝ ይበቃዋል።

ወሎ ይህን ልዩነት በታሪኳ ታውቀዋለች። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ በስተሰሜን ባለችው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የሃይማኖት ክርክር እዚያ ተቋጨ፤ ሙስሊሙም እንዲጠመቅ ታዘዘ። የወረ ሂመኖው ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸው ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። አባ ዋጠውም በምኒልክ የክርስትና አባትነት ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ግን እምቢ ብለው ለትግል ተነሡ። ከተጠማቂውም ብዙው ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ።

እንግዲህ በአንድ አዋጅ ሥር ሦስቱም ቃላት ተገናኙ ማለት ነው። በሹመት የተግባባ ነበር፤ በፍርሃት የተገደደም ነበር። ከልቡ ያመነውን ግን የመዝገብ ስም አይነግረንም። ዛሬም አቀስታ ላይ አዛን ይሰማል። አዋጅ ሰውን ውኃ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል፤ ማመን ግን የባለቤቱ ሥራ ነው።