አሥራ ስድስት ኮርሶች

የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት የተጀመረው በባቡር ማስታወቂያ ነው። በ1852 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ የባቡር ኩባንያ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ወዳለው የዊኒፐሶኪ ሐይቅ ሰው የሚስብ ነገር ፈለገ። የሃርቫርድና የዬል ተማሪዎች ጀልባ ቀዘፋ ቢወዳደሩ ሰው ለማየት ይመጣል፤ ለመምጣት ደግሞ ትኬት ይቆርጣል። ስለዚህ የልጆቹን ወጪ ኩባንያው ቻለ፣ እነሱም ሐይቅ ዳር በነፃ ተዝናኑ። ሃርቫርድ አሸነፈ። በአሜሪካ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች እርስ በርስ የተወዳደሩበት የመጀመሪያው ቀን ይህ ነበር። እና ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአትሌቱ ከጀርባ የሚከፍል ሰው ነበረ።

አሁን ወደ ዘመናችን ልምጣ። አንዲት የሃይስኩል ሯጭ ዲቪዥን 1 በሚባለው ትልቁ እርከን ለመወዳደርና ስኮላርሺፕ ለመቀበል ምን ያስፈልጋታል? ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ 16 «ኮር» ኮርሶች። ከእነዚህ 10ሩ የመጨረሻው ዓመት ከመጀመሩ በፊት ያለቁ፤ ከ10ሩ ደግሞ 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ ወይም ሳይንስ። የኮሮቹ አማካይ ውጤት ቢያንስ 2.3። ሁሉም በአራት ዓመት ውስጥ። በዚህ ላይ አማተር መሆኗ መረጋገጥ አለበት። ለምን 10? ለምን 7? 2.3 ከየት መጣ?

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። የቆየ ኮድ ውስጥ ምንም ስሜት የማይሰጥ መስመር ስታገኙ ብዙ ጊዜ ከጀርባው የሆነ ሌሊት የተበላሸ ነገር አለ። የጻፈው ሰው ሥራ ለቋል፣ ኮመንት አልተወም፣ መስመሩን ግን ማንም ደፍሮ አይነካውም። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ደግሞ «ኮምፒውተር ያውቃል» ከተባልክ የሰፈሩን ፎርም ሁሉ መሙላት ያንተ ሥራ ነው። የልጆቹን የስፖርት ምዝገባ ስሞላ እነዚያ ቁጥሮች ልክ እንደ አሮጌ ኮድ ሆኑብኝና ታሪካቸውን ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ይህ ነው፦ ሕጎቹ በአብዛኛው የተጻፉት ኮሌጆች ላጠፉት ጥፋት ነው። እንዲያሟላ የተጠየቀው ግን ልጁ ነው።

መነሻው እንኳ የሞት ጉዳይ ነበር። በ1905 ፉትቦል (የእነሱን ማለቴ ነው፣ በእጅ የሚይዙትን) በአንድ የውድድር ወቅት ወደ 18 የሚሆኑ ተጫዋቾችን ገደለ። ፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ዋይት ሐውስ ጠርቶ አነጋገረ፤ በ1906 ዛሬ ኤንሲኤኤ የምንለው ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ መርህ ነበረው፣ ዱላ ግን አልነበረውም። የካርኔጊ ፋውንዴሽን በኦክቶበር 1929 ባወጣው ጥናት ከ112 ኮሌጆች 81ዱ ተጫዋቾቻቸውን በሆነ መንገድ ይደጉሙ ነበር። አንዳንዱ በግልጽ ደመወዝ፣ አንዳንዱ ማንም በማይሠራው ሥራ ስም። ወሩ የአክሲዮን ገበያው የተንኮታኮተበት ስለነበር ሕዝቡ ሌላ ጭንቀት ነበረበት።

በ1948 ኤንሲኤኤ «ሳኒቲ ኮድ» የሚባል ሕግ አወጣ፤ ወደ አእምሯችን እንመለስ እንደማለት ነው። ችግረኛ ለሆነ አትሌት የትምህርት ክፍያ መሸፈን ይፈቀዳል፣ መኝታና ምግብ ግን በሥራው ይቻለው ተባለ። ሰባት ኮሌጆች ሕጉን እንደማያከብሩ ታወቀ፤ አንዱ እዚሁ አጠገባችን ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ያኔ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዝዳንት ከርሊ በርድ ይባላል፤ ከዚያ በፊት የዚያው ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል አሰልጣኝ ነበር! በ1950 ሰባቱን ለማባረር ድምፅ ተሰጠ፦ 111 ይባረሩ፣ 93 አይባረሩ። ሁለት ሦስተኛ ያስፈልግ ስለነበር አልሞላም። በዓመቱ ሕጉ ራሱ ተሻረ። በ1956 ደግሞ ጉዳዩ ጭራሽ ተገለበጠና ችግረኛ ሆነም አልሆነ ለአትሌት የትምህርት ክፍያ፣ መኝታ፣ ምግብ፣ መጽሐፍ፣ እንዲሁም ለልብስ ማጠቢያ በወር 15 ዶላር መስጠት ተፈቀደ። ዛሬ «ፉል ስኮላርሺፕ» የምንለው ነገር የልደት ቀኑ ይህ ነው። ማስከበር ስላቃታቸው የፈቀዱት ነገር ነው።

ግን አዲስ ጥያቄ መጣ። ለመጫወት ቤትና ምግብ የሚሰጠው ሰው ሠራተኛ አይደለም ወይ?

ሬይ ዴኒሰን የሚባል ወጣት በ1955 ኮሎራዶ ውስጥ ለፎርት ሉዊስ ኮሌጅ ሲጫወት ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። ባለቤቱ በሥራ ላይ ለሞተ ሰው ቤተሰብ የሚሰጠው ካሳ ይገባኛል ብላ ከሰሰች። በ1957 የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኮሌጁ በፉትቦል ንግድ ላይ የተሰማራ አይደለም ብሎ ከለከላት። «ተማሪ አትሌት» የሚለው ቃል የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ኤንሲኤኤን ከ1951 እስከ 1987 የመራው ዋልተር ባየርስ በ1995 ባሳተመው መጽሐፉ ቃሉን ራሳቸው እንደፈጠሩትና በየሕጉ ውስጥ እንዳስገቡት ጽፏል፤ የፈሩት አትሌቱ ሠራተኛ ነው እንዳይባል ነበር። ሰውዬው ጡረታ ከወጣ በኋላ የሠራውን ሥርዓት አጥብቆ ተቃወመ። ብቻ ቃሉ ቀረ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ስለራሱ ሲጽፍ «ተማሪ አትሌት ነኝ» ብሎ የሚጀምረው የአንዲትን ሴት ካሳ ጥያቄ ካስነሣው ክርክር ጋር አብሮ ያደገ ቃል ይዞ መሆኑን ማን ይነግረዋል?

በ1973 ሌላ መስመር ተጨመረ፦ ስኮላርሺፑ ለአራት ዓመት መሆኑ ቀርቶ በየዓመቱ የሚታደስ ሆነ። አሰልጣኙ ካልፈለገህ በዓመቱ ቻው። ከአንድ ዓመት በላይ መስጠት እንደገና የተፈቀደው በ2012 ነው። ስለዚህ ወላጆች «ስኮላርሺፕ አገኘ» ሲባሉ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው «ለስንት ዓመት?» ብለው ነው። እልልታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የሴቶቹ ታሪክ ሌላ መንገድ ነው የሄደው፤ በጣም የገረመኝም እሱ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሴቶችን የኮሌጅ ስፖርት የሚመሩት በአብዛኛው የስፖርት መምህራን ሴቶች ነበሩ፣ ማኅበራቸውም ኤአይኤደብሊው ይባላል። የወንዶቹን የምልመላ ገበያ አይተውት ስለነበር ስኮላርሺፕ የሚቀበሉ ሴቶች በውድድራቸው እንዳይሳተፉ ከለከሉ። በ1973 ፍሎሪዳ ውስጥ የሜሪማውንት ኮሌጅ ባልደረባ የሆነችው ፈርን ኬልማየር ከቴኒስ ተጫዋቾቿ ጋር ከሰሰቻቸው፦ ወንዱ የሚያገኘውን ሴቷ የምትከለከለው ለምንድነው? የፆታ አድልዎን የሚከለክለው ታይትል ናይን ከወጣ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። ማኅበሩ ክርክሩ ሳይገፋ ሕጉን አነሣ። እኔ ለመምህራኑ አዝናለሁ፣ የሚመጣውን በትክክል አይተውታል። ግን ኬልማየር ባትከስ ኖሮ ዛሬ በሩጫ የተማሩት ሴቶች ስንቶቹ ይማሩ ነበር?

አሁን ወደ 16ቱ ኮርሶች። በ1982 ኬቪን ሮስ የሚባል የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ክሬይተን ዩኒቨርሲቲን ለቀቀ። አራት ዓመት ተጫውቷል፣ በደንብ ማንበብ ግን አይችልም። ቺካጎ ወደሚገኘው የማርቫ ኮሊንስ ትምህርት ቤት ሄዶ ከትንንሽ ልጆች ጋር ቁጭ አለ፤ አገሩ ሁሉ በጋዜጣ አየው። ቅሌቱ የማን ነበር? አራት ዓመት ክፍል አሳልፎ ያጫወተው ተቋም ነው። ኤንሲኤኤ በጃንዋሪ 1983 ያጸደቀው መፍትሔ ግን በሩ ላይ የቆመ ነበር፦ ፕሮፖዚሽን 48። ከ1986 ጀምሮ 11 ኮር ኮርስ፣ 2.0 አማካይ፣ በኤስኤቲ ደግሞ 700 ያላመጣ አዲስ ገቢ አይጫወትም። የጥቁሮች ኮሌጆች መሪዎች ሳታማክሩን ወሰናችሁ፣ ፈተናው ለድሃና ለጥቁር ልጅ ሚዛናዊ አይደለም ብለው ተቃወሙ።

በጃንዋሪ 1989 ሕጉ ጠበቀ፤ ግማሹን ብቻ ያሟላ ልጅ ስኮላርሺፕም አያገኝም ተባለ። በዚያው ወር የጆርጅታውን አሰልጣኝ ጆን ቶምፕሰን ሜሪላንድ ላንዶቨር ውስጥ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ሜዳውን ጥሎ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ሕጉ ለዘብ አለ። ፈተናው ከመስፈርቱ የወጣው ግን በጃንዋሪ 2023 ነው። አርባ ዓመት! ኮርሶቹ በበኩላቸው ከ11 ወደ 13፣ ከዚያ 14፣ ከዚያ 16 አደጉ። 10ሩ አስቀድመው ይለቁ የሚለው በ2016 የተጨመረው ደግሞ በመጨረሻው ዓመት በኦንላይን ኮርስ ጋጋታ ትራንስክሪፕት መጠገን ስለበዛ ነበር።

ለእኛ ልጆች ዋናው ወጥመድ ከቁጥሮቹ አንዱም አይደለም፤ ሰዓቱ ነው። አራቱ ዓመት መቆጠር የሚጀምረው 9ኛ ክፍል ከተገባበት ቀን ነው፣ የትም አገር ይሁን። አዲስ አበባ ወይም ደሴ 9ኛንና 10ኛን ጨርሶ የመጣ ልጅ እንግሊዝኛው ይጠንክር ተብሎ እዚህ 9ኛ ቢገባ በትምህርት ቤቱ ወረቀት ገና ጀማሪ ነው፣ በኤንሲኤኤ ቁጥር ግን ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ካውንስለሩ ክፉ አይደለም፣ ለልጁ አስቦ ነው ያደረገው። የጀማሪ የኢኤስኤል ክፍሎችም እንደ እንግሊዝኛ ኮር አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠሩም። ይግባኝ አለ፣ ግን ይግባኝ የሚጠይቀው መጀመሪያ ያወቀ ነው። ስለዚህ አንድ አባት «ልጄ ይሮጣል» ብሎ ሲመጣ የ1600 ሜትር ሰዓቱን ሳልጠይቅ 9ኛ ክፍል መቼ ገባ ብዬ እጠይቃለሁ። ሰዎች ግራ ይገባቸዋል። ከዚያ ከአገር ቤት የ9ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት ይፈለጋል፤ አክስት ወደ ትምህርት ቤቱ ትላካለች፣ መዝገብ ቤቱ ምሳ ወጥቷል…

የመብራህቶም ክፍለዝጊን ታሪክ በዚህ ዓይን እዩት። አስመራ የተወለደው መብ ከቤተሰቡ ጋር ሳንዲያጎ የገባው በ1987 ነው፣ 7ኛ ክፍል። በስፖርት ክፍለ ጊዜ አንድ ማይል በ5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሮጦ መምህሩን አስደነገጠ። አባቱ እንግሊዝኛ እንዲያጠኑ ልጆቹን ጎህ ሳይቀድ ይቀሰቅስ ነበር። በ1994 በካሊፎርኒያ ሻምፒዮና 1600ንም 3200ንም አሸነፈና በስኮላርሺፕ ዩሲኤልኤ ገባ፤ በ1998 ተመረቀ፤ በአቴንስ ኦሊምፒክ ማራቶን ብር፣ በ2014 ቦስተን። ሁሉም የሚያወራው ስለ እግሩና ስለ አባቱ ጽናት ነው፣ ይገባቸዋል። እኔ ግን 7ኛ ክፍል የሚለው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰዓቱ መቆጠር ሳይጀምር እንግሊዝኛ የሚማርበት ሁለት ዓመት ነበረው። ያው እግር፣ ያው አባት፣ ግን በ17 ዓመቱ ቢመጣ ኖሮ?

አገር ቤት ላለው ሯጭ ደግሞ በሩ ከሌላ ጎን ነው የሚጠበው። ኬንያውያን ከ1970ዎቹ ጀምሮ በብዛት መጥተዋል፤ ሄንሪ ሮኖ በ1978 የዋሽንግተን ስቴት ተማሪ ሳለ በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ሪከርድ ሰብሯል። ያ መንገድ ሲከፈት እኛ ዘንድ ደርግ ገብቷል። ከዚያም ወዲህ የእኛ ሯጭ የሚያድገው በክለብ ነው፤ ባንክ፣ መከላከያ፣ መብራት ኃይል፣ ኦሜድላ። ክለቡ ደመወዝ ይከፍላል፣ ለበቆጂ ቤተሰብ ያ ደመወዝ ቀልድ አይደለም። አማተርነትን ከሚጠይቀው ፎርም ጋር ግን ፊት ለፊት ይጋጫል።

ስለ ገንዘቡም እውነቱ ይነገር። ኤንሲኤኤ ራሱ እንደሚለው ከሃይስኩል አትሌቶች የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚያገኙት 2 በመቶ ያህሉ ናቸው። ለዓመታት አንድ የዲቪዥን 1 ፉትቦል ቡድን እስከ 85 ሙሉ ስኮላርሺፕ ሲኖረው፣ የወንዶች አትሌቲክስና አገር አቋራጭ አንድ ላይ 12.6፣ የሴቶቹ 18 ነበር። አሰልጣኙ ያንን ለ30 ለ40 ልጅ ይቆራርሰዋል፤ አንዱ ሩቡን፣ አንዱ መጽሐፉን ብቻ። ሃርቫርድና ዬል ያሉበት አይቪ ሊግ ደግሞ ከ1954 ስምምነቱ ጀምሮ የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም፣ ዲቪዥን 3ም እንደዚያው። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ግን እነሱ በችግር ልክ የሚሰጡት እርዳታ ከሩጫው ቁራሽ ሊበልጥ ይችላል። ታክሲ የሚነዳ አባት ይህን ማወቅ አለበት።

በጁን 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ያጸደቁት ስምምነት ብዙውን ገለበጠው። የገቡበት ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለአትሌቶቻቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ፤ ከ1852 ጀምሮ በጓሮ ሲገባ የነበረው ገንዘብ በፊት በር ገባ። በተማሪ ቪዛ ያለ ልጅ ግን ያንን ገንዘብ እንደ ልቡ መቀበል አይችልም። 12.6 የሚለው ጣሪያም ተነሣ፣ በምትኩ ጣሪያው በሰው ብዛት ሆነ፤ አገር አቋራጭ 17 ሯጭ፣ አትሌቲክስ 45። ድሮ ያለ ስኮላርሺፕ ቡድኑን ተቀላቅሎ በሁለተኛው ዓመት ራሱን የሚያሳየው ልጅ ቦታ ያጣው በዚህ ነው። ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ያለ ሯጭ ለአሰልጣኝ ኢሜይል ሲጽፍ ሰዓቱንና ትራንስክሪፕቱን ካያያዘ በኋላ አንድ መስመር ይጨምራል፦ ከ17ቱ ስንቱ ተይዟል?