የአዲስ አበባ ጭጋግና ደቃቅ ብናኝ

የአዲስ አበባ ጭጋግ ከነዳጅ፣ ከማገዶ፣ ከቆሻሻ ቃጠሎና ከመንገድ አቧራ የሚነሳ ደቃቅ ብናኝ ከተማዋ ላይ ሲረብብ የሚፈጠር የአየር ብክለት ነው። በበጋ ሌሊቱ ጥርት ብሎ ስለሚቀዘቅዝ፣ ምድር ላይ የተኛውን ቀዝቃዛ አየር በላይ ያለው ሞቃት አየር ይከድነዋል፤ የማለዳው ጭስም ፀሐይ እስክትበረታ ድረስ ከሰፈር አይወጣም።

ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ በተለይ የሚታወቀው ኅዳር 12 ቀን ነው። በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የፈጀውን የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ፣ «የኅዳር በሽታ»ን፣ በማሰብ ነዋሪው ቆሻሻ ጠርጎ ደጁ ላይ ያቃጥላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» ይሉታል። ዛሬ ክምሩ ውስጥ ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክና አሮጌ ጫማ አይጠፋም። ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ እንዲህ ተጨናብሶ ሲነድ ዳይኦክሲን የተባለ መርዝ ይወጣዋል፤ በሽታ ያባርራል የተባለው ጭስ ሌላ በሽታ ይጠራል ማለት ነው።

ይሁንና ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው ዓመቱን ሙሉ ማንም ልብ ሳይለው የሚተነፈሰው ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ያረጀ የናፍጣ ሞተር ዳገት ሲወጣ ነዳጁን አሟጦ አያቃጥልም፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ጓዳ ደግሞ አለ፤ ምጣድ ሥር እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲማገድ መጀመሪያ የምትታፈነው ጋጋሪዋና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ናቸው።

በዚህ ሁሉ ጭስ ውስጥ ካሉት ብናኞች በጣም አደገኞቹ ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሱት ናቸው፤ የፀጉር ውፍረት ከዚህ ሃያ እጥፍ በላይ ነው። አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሯቸውም፤ እስከ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ይዘልቃሉ፣ እጅግ ደቃቆቹም ወደ ደም ያልፋሉ። ስለዚህ ጉዳታቸው በሳል አያበቃም፤ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ የሳንባ ካንሰርና የሕፃናት የሳንባ ምች ያስከትላሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ካንሰር አምጪ መሆናቸውን አረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእነዚህ ብናኞች የሚመክረው ዓመታዊ አማካይ ጣሪያ በሜትር ኩብ 5 ማይክሮግራም ሲሆን የአዲስ አበባ አየር ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሳሉ ግን ብዙ ጊዜ «ብርድ መታኝ» ተብሎ ይታለፋል፤ አፍንጫ ላይ ጣል የሚደረግ ነጠላም አቧራውን እንጂ ደቃቁን ብናኝ አያግድም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ቀድመው የገቡት ግን አሁንም ይሽከረከራሉ፤ መብራት በጠፋ ቀንም የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው ቤት ወጡን ከሰል ላይ ይጥዳል።