ወልወል እና «አንተም ተው፣ አንተም ተው»

ባለፈው ሳምንት በመጠለያው ትምህርት ቤት ዳስ ሥር የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሲከራከሩ ውለው ጥያቄያቸውን ወደ እኛ ወደ መምህራኑ አመጡት። ኃያል አገር ደካማውን ሲወር ጥፋቱ የማን ነው? የወራሪው ብቻ ነው ወይስ ሳይዘጋጅ የተገኘውም ድርሻ አለው? መልሱን በደረቁ ከመስጠት በ1928 ዓ.ም. የደረሰብንን የኢጣልያ ወረራ ብንመረምር ይሻላል ብለን ይህን ጻፍን።

በቅድሚያ አንድ ኑዛዜ አለን። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥተን በየገጠሩ ስናስተምር «የወረራው ምክንያት ምንድን ነው?» ብለን በፈተና እንጠይቅ ነበር። «የወልወል ግጭት» ብሎ ለጻፈ ተማሪ ሙሉ ማርክ ሰጥተናል። ያላግባብ ነው የሰጠነው።

ወልወል በኦጋዴን የውኃ ጉድጓዶች ያሉበት ስፍራ ነው። በኅዳር 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የድንበር ኮሚሽን እዚያ ሲደርስ የኢጣልያ ጦር ሰፍሮ አገኘ፤ ኅዳር 26 ቀን ተኩስ ተከፈተ። መጀመሪያ የተኮሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ በእርግጥ አልታወቀም። የሮማ መንግሥት ግን ጊዜ አላጠፋም፤ የሐረር ገዥ ወልወል ድረስ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ለኢጣልያ ባንዲራ ሰላምታ ይሰጥ፣ 200,000 ጠገራ ብርም ካሣ ይከፈል አለ። ኢትዮጵያ በ1920 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር በተፈራረመችው የወዳጅነት ውል መሠረት ነገሩ በዳኝነት ይታይልኝ ብላ ጠየቀች፤ ለመንግሥታት ማኅበርም አመለከተች።

ፍርዱ የተሰጠው ከግጭቱ ዘጠኝ ወር በኋላ፣ ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ከሁለቱ መንግሥታት አንዱም ተጠያቂ አይደለም ተባለ። ወልወል የማን መሬት ነው የሚለው ዋናው ጥያቄ እንዳይነሣ ኢጣልያ አስቀድማ አስከልክላለች! ሰው ቤት ገብቶ የተገኘን ሰው፣ ቤቱ የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ «አንተም ተው፣ አንተም ተው» ብሎ መሸኘት ምን ዓይነት ሽምግልና ነው?

ሙሶሊኒ ውሳኔውን የጨረሰው ከፍርዱ ብዙ ቀድሞ ነበር። ታኅሣሥ 21 ቀን 1927 ዓ.ም. በጻፈው ምሥጢራዊ መመሪያ የኢትዮጵያን ጦር ደምስሶ አገሪቱን በሙሉ መያዝን ዓላማው አድርጎ አስቀምጧል። የጦር አዛዡ ዴ ቦኖም ከጦርነቱ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ውጥኑ ከወልወል አንድ ዓመት ቀድሞ እንደ ተጀመረ በራሱ ብዕር አምኗል። እንግዲህ ወልወል ላይ አንድም ጥይት ባይተኮስ ኖሮ ሌላ ወልወል ይፈለግ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሰበብ እንዳይገኝ ብለው ጦራቸውን ከድንበሩ 30 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ አስለቅቀው ነበር፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የዴ ቦኖ ጦር ጦርነት እንኳ ሳይታወጅ መረብን ተሻገረ።

ያው የ«አንተም ተው» ፍርድ በመሣሪያው ገበያም ተደግሟል። በ1927 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ፤ አሜሪካም በገለልተኝነት ሕጓ ተከተለች። የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ያላትንና የሌላትን አገር እኩል መከልከል እኩልነት መሆኑ ነው! የመንግሥታት ማኅበር ኢጣልያን ወራሪ ብሎ ከፈረጀ በኋላ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅ ግን ከማዕቀቡ ውጭ ቀረ። ሶቪየት ኅብረት እንኳ ነዳጅ መሸጧን አላቆመችም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፤ የወራሪው መርከቦች ቀረጣቸውን እየከፈሉ አለፉ። ከታኅሣሥ ጀምሮ፣ ኢጣልያ ራስዋ በተቀበለችው የጄኔቫ ውል የተከለከለው የመርዝ ጋዝ በሰሜን ጦር ላይ ወረደ።

የእኛስ ጉድለት? የደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ መክዳት፣ የመሳፍንቱ መናቆር፣ የዝግጅቱ ማነስ ሁሉ እውነት ነው፤ አንሸፋፍነውም። ነገር ግን እነዚህ ለምን ተሸነፍን ለሚለው ጥያቄ መልስ ናቸው እንጂ ለምን ተወረርን ለሚለው አይደሉም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው፣ በርህን አልቀረቀርህም ብሎ ባለቤቱን እየወቀሰ ሌባውን ያሰናብታል። ይህ ሚዛን በእኛም ላይ ይሠራ እንደሆነ የጠየቀችን ልጅ አለች፤ አያቶቿ የምኒልክን ጦር አመጣጥ በሌላ ዓይን ይተርካሉ። አዎን፣ ይሠራል አልናት።

የከበደን የሌላው ልጅ ጥያቄ ነው። አያቱ በኢጣልያ አስካሪነት ከኤርትራ ወርዶ ማይጨው ላይ ተዋግቷል። አገሩ ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ ቅኝ ተይዞ እንደ ነበር፣ የወጣውም በባዕድ መኰንን ትእዛዝ እንደ ሆነ፣ ከአስካሪዎቹም ከድተው ወደ ኢትዮጵያ ወገን የዞሩ ብዙዎች እንደ ነበሩ ነገርነው። ልጁ ጥቂት አሰበና «የዞሩ ካሉ አያቴ ለምን አልዞረም?» አለን።

አልመለስንለትም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እዚያው ዳስ ሥር እንቀጥላለን፤ ከአባቱ ወይም ከአያቱ የዚያን ዘመን ነገር የሰማ አንባቢ ቢመጣ ደስ ይለናል። ወንበር የለምና መቀመጫ ይዛችሁ ኑ።