የአጥንት ክምር

ተራራ የለ፣ ዛፍ የለ፣ ወንዝ ቢባል አንዲት ቦይ የምታህል ጅረት ብቻ። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ዋና ከተማ የሚቆረቁር ማነው? የካናዳዋ ሬጃይና ግን የተቆረቆረችው እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 የግዛቱ ገዢ ኤድጋር ዲውድኒ መናገሻውን ከባትልፎርድ ነቅለው እዚህ ተከሉት። ምክንያቱ ምን ነበር ቢሉ፣ ባቡሩ በዚያ ያልፋል ነው። እውነት ነው፣ ያልፋል። ሰውየው ደግሞ እዚያው አጠገብ የራሳቸው መሬት ነበራቸው።

ቦታው ስም አልቸገረውም ነበር። ክሪዎቹ «የአጥንት ክምር» ይሉታል። ጎሽ እያደኑ አጥንቱን እዚያ ይከምሩ ነበር፤ መንጋው አጥንቱ ካለበት አይርቅም ብለው ያምኑ ነበር ይባላል። ጎሹ አለቀ። አጥንቱም ከየሜዳው ተለቅሞ ለማዳበሪያ ተሸጠ። ስሙ በንግሥት ቪክቶሪያ ምክንያት ተለወጠ፤ ሬጃይና በላቲን «ንግሥት» ማለት ነው። በሦስተኛው ዓመት፣ በ1885፣ የሜቲሶቹ መሪ ሉዊ ሪኤል እዚችው ከተማ ተሰቀለ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የስንዴ ታሪክ ነው፤ ነዳጅና ፖታሽ ኋላ መጡ። በ1920ዎቹ ገበሬዎቹ ለነጋዴ አንለመጥም ብለው እህላቸውን በጋራ የሚሸጡበት ማኅበር አቋቋሙ። ዛፉን ሰው በእጁ ተከለው። ሐይቁም ቢሆን የተገደበችው ያቺው ጅረት ናት፤ በ1930ዎቹ መግቢያ ሥራ ያጡ ሰዎች በአካፋና በፈረስ ቆፍረው አጠለቁት። ስሙ ዋስካና ነው። «ኦስካና» ከሚለው የክሪ ቃል የመጣ ነው፤ አጥንቶች ማለት።