አመዳይ፣ ገብስና የዘር ጎተራ፦ ከደጋው የአየር ታሪክ የምንማረው

የዩኒየናችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በተዘጋጀችው በዚህች መጽሔት ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ገበያና ስለ ትርፍ ክፍፍል በሰፊው ተጽፏል። ይህ ጽሑፍ ግን ከእነዚህ ሁሉ በፊት የነበረውን፣ የጎንደርና የሰሜን ደጋ አርሶ አደር ከጥንት ጀምሮ ሲታገለው የኖረውን ብርድ ይመለከታል።

የደጋችን ብርድ ዝና ጥንታዊ ነው። ስሙ ያልታወቀ አንድ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ወደብ ባቆመው የድንጋይ ዙፋን ላይ ድል ያደረጋቸውን ሕዝቦች በግሪክ ቋንቋ አስጽፎ ነበር። ከእነዚህም መካከል ከወንዝ ማዶ፣ ለመውጣት በሚያስቸግር ተራራ ላይ የሚኖሩት የሰሜን ሰዎች ይገኙበታል። አገራቸው ዓመቱን ሙሉ ውርጭና በረዶ እንደማይለየው፣ በረዶውም እስከ ጉልበት እንደሚያሰምጥ ጽሑፉ ይተርካል። ወንዙ ተከዜ እንደሆነ ይታመናል። ጽሑፉን ገልብጦ ለትውልድ ያቆየው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ካሌብ ዘመን፣ ወደ አዱሊስ የመጣው ነጋዴ ኮስማስ ነው።

ከብዙ ዘመን በኋላ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ የዝናቡንና የሙቀቱን መጠን እየለካ መዝግቧል። ይሁን እንጂ በአገራችን የተራራ በረዶ መኖሩን አልተቀበለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጡት ሄንሪ ሳልትና ናትናኤል ፒርስ ደግሞ በሰሜን ተራሮች ላይ በረዶ መኖሩን ጻፉ። የደጋው ሰው ግን ይህን ለማወቅ እንግዳ አላስፈለገውም። ከሰማይ የሚወርደውን በረዶ፣ ሌሊት ሣሩን የሚያነጣውን አመዳይ፣ ቡቃያውን የሚያቃጥለውን ውርጭ በየስማቸው ይጠራቸዋል። አገሩንም ሲከፍል ከቆላ፣ ከወይና ደጋና ከደጋ በላይ ያለውን ከፍታ “ውርጭ” ብሎ ሰይሞታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ብርዱ የሚመጣው በዓመቱ ቀዝቃዛ ወቅት ነው። በእኛ ዘንድ ክረምት የዝናብ ጊዜ ሲሆን፣ ውርጩ የሚበረታው ሰማዩ በሚጠራበት በበጋ፣ በተለይም ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በደጋችን በአንድ ቀንና ሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በወራት መካከል ካለው ልዩነት ይበልጣል። ቀን በሸሚዝ ያረሰ ሰው ሌሊት በጋቢ ላይ ጋቢ ይደርባል።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። መሬት ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ካለ እንደ ጋቢ ሆኖ ሙቀቱን ያስቀርላታል። ሰማዩ ከጠራ፣ አየሩ ከደረቀና ነፋስ ከሌለ ግን መሬቷ ራቁቷን እንደምታድር ይቆጠራል። የቀዘቀዘው አየር ከባድ በመሆኑ እንደ ውሃ ወደ ረባዳው ይፈስሳል። ስለዚህም የተዳፋቱ ማሳ ሲተርፍ የረባዳው ይመታል። ከዚህም ሌላ ከፍታ አለ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ጎንደር ከተማ 2,100 ሜትር፣ ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆኑ፣ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው።

እንግዲህ አደጋው የሚመጣው ከብርዱ መኖር ብቻ አይደለም፤ ያለ ጊዜው ከመምጣቱ ነው። ገብሱ ደርሶ ከሆነ የኅዳር አመዳይ ብዙም አይጎዳውም። ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ዘሩ ከዘገየ ግን ውርጩ አበባውንና ያልጠነከረውን ፍሬ ያገኘዋል። ዝናቡ ቀድሞ ከወጣ ደግሞ ሰማዩ ቀድሞ ይጠራል፤ ዝናብ የነሳው ሰማይ ውርጭ ይልካል። ድርቅና ውርጭ ተከታትለው ሊመጡ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

አባቶቻችን ይህን በተሞክሮ ስለሚያውቁ ማሳቸውን በአንድ ስፍራ አያደርጉም ነበር። ከፊሉን በዳገት፣ ከፊሉን በረባዳ ያርሳሉ። ፈጥኖ የሚደርስና ዘግይቶ የሚደርስ ገብስ ለየብቻ ያስቀምጣሉ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል በማለት ስንዴና ገብስ ቀላቅለው የሚዘሩም ነበሩ።

ይህ ጥበብ ሊያሸንፈው ያልቻለው መከራ ግን መጥቶ ያውቃል። በጥር 1880 ዓ.ም. የመሐዲስት ጦር ጎንደርን ወርሮ አቃጠለ። በዚያው ዘመን የከብት በሽታ ገብቶ የአገሪቱን አብዛኛውን ከብት ፈጀ። ዝናብ ቀረ፣ አንበጣና ተምች ተከተሉ። እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ይህ ጊዜ “ክፉ ቀን” ተባለ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ እስከመሆን ደርሰዋል። የዚያ ዘመን ዋና ምክንያት ድርቅና የከብት እልቂት ቢሆንም ትምህርቱ ለውርጭም ይሠራል። አንድ መጥፎ ሌሊት የሚወስደው የአንድ ዓመት አዝመራ ነው። ዘሩ ከተበላ ግን ዝናቡ ቢመለስም የሚዘራ የለም፤ የአንድ ዓመት ጉዳት የብዙ ዓመት ይሆናል።

በቅርብ ዘመንም ተመሳሳይ ፈተና አይተናል። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት በደረሰው ድርቅ በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ አስፈልጎታል። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ጎንደር ዞን በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ወረዳዎች ድርቅ ሰውንና ከብትን ክፉኛ ጎድቷል።

“ዓለም እየሞቀች ነው ከተባለ ውርጭ ይቀራል” የሚል አስተያየት ይሰማል። እውነት ነው፣ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ድረስ በ1.3 ዲግሪ ያህል ጨምሯል፤ የቀዝቃዛ ሌሊቶች ቁጥርም ቀንሷል። ነገር ግን አዝመራን የሚያጠፋው አማካይ አይደለም፤ አንድ ሌሊት ይበቃል። የዝናቡ መግቢያና መውጫ በተዛባ ቁጥር ሰብሉ ለዚያች ሌሊት ይጋለጣል።

ታዲያ ኅብረት ሥራ ምን ያደርጋል? አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ በኋላ መሠረታዊ ማኅበራት በዩኒየን ሲደራጁ ትልቁ ጥቅም ሆኖ የታየው በጋራ መግዛትና በጋራ መሸጥ ነበር። የደጋው ታሪክ ግን ሌላ ጥቅም ያሳየናል። ውርጭ አንዱን ረባዳ ሲመታ ሌላውን ዳገት ይምራል። በልዩ ልዩ ከፍታ የሚኖሩ አባላት በአንድ ጎተራ ዘር ካስቀመጡ፣ የተረፈው ማኅበር ለተመታው ማኅበር ዘር ማበደር ይችላል። አባቶቻችን በአንድ ቤተሰብ ማሳ ያደረጉትን፣ ዩኒየን በወረዳዎች መካከል ያደርገዋል ማለት ነው።

በመሆኑም ሦስት ነገሮችን ለአባላት እናሳስባለን። አንደኛ፣ ከየዓመቱ አዝመራ የዘር ድርሻ አስቀድሞ ተለይቶ በጋራ ጎተራ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ፈጥኖ የሚደርሰው የአገር ገብስ በምርቱ ማነስ ብቻ አይጣል፤ ዝናብ በሚዘገይበት ዓመት የሚያወጣን እርሱ ነውና። ሦስተኛ፣ የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው የወቅት ትንበያ በየማኅበሩ ስብሰባ ላይ ይነበብ።

ሰማዩን ማዘዝ አንችልም። ጎተራውን መሙላት ግን በእጃችን ነው። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” እንዲሉ፣ በኅብረት የተቀመጠ ዘር ከአመዳይ በኋላ እንደገና ያበቅላል።

መልካም በዓል!