የኢካ ድንጋዮችና የተፈበረከ ጥንታዊነት

በፔሩ የኢካ ከተማ ሐኪም የነበሩት ሃቪየር ካብሬራ እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ ቅርጽ የተሠራበት ድንጋይ በስጦታ ተቀበሉ። ከዚያም ከገበሬዎች እየገዙ በሺህ የሚቆጠሩ ሰበሰቡ። ዳይኖሰር የሚያድን ሰው፣ በመነጽር ሰማይ የሚመረምር ጠቢብ፣ የቀዶ ሕክምና ሥራ ሳይቀር ተቀርጾባቸዋል። ካብሬራም ከኅዋ የመጣ ጥንታዊ ሥልጣኔ መዝገብ ናቸው አሉ። መሣሪያዎቹ ሁሉ የሃያኛው ምዕተ ዓመት ሰው የሚያውቃቸው መሆናቸው ግን ባላጠራጠራቸው ነበር ማለት ያዳግታል።

ባሲሊዮ ኡስቹያ የተባለ ገበሬ ሥዕሎቹን ከመጽሔት እየገለበጠ እንደቀረጸና እበት ውስጥ እየጋገረ እንዳስረጃቸው ተናገረ። ቅርስ መሸጥ ስለሚያስቀጣ ቃሉን መለዋወጡ አያስደንቅም፤ ስለዚህ የእርሱ ኑዛዜ ብቻውን አይበቃም። ከኑዛዜው ይልቅ የሚከብደው፣ ድንጋዮቹ ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጡ የሚያሳይ የቁፋሮ መዝገብ አለመኖሩ ነው። ተገኙበት የተባለው ዋሻም ለምርምር ሳይከፈት ካብሬራ በ2001 ዐረፉ።